አልፎ አልፎ ብቻ የሚነሳ ኮምፒውተር፦ የሚደበቅ ብልሽት የሚፈለግበት መንገድ

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች ሁሉ ጠጋኙንም ባለንብረቱንም አብዝቶ የሚያደክመው ማሽኑ ጨርሶ ሲሞት የሚከሰተው ሳይሆን፣ አንዳንድ ቀን ተነስቶ አብዛኛውን ቀን ሳይነሳ ሲቀር የሚታየው ነው። ጨርሶ የሞተ ኮምፒውተር መልሱን አይሸሽግም፤ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ደህና መሆናቸው በተረጋገጠ ሌሎች ክፍሎች ሲተኩ ጥፋተኛው ራሱን ያጋልጣል። አልፎ አልፎ የሚነሳው ግን ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚለቀው በሽተኛ ነው፤ ከባለንብረቱ ዘንድ እንቢ ብሎ የከረመው ማሽን ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በመጀመሪያው ሙከራ ይነሳና፣ ጠጋኙም ምንም እንከን አላገኘሁበትም ብሎ ይመልሰዋል፤ በማግስቱ ጧት ያው ችግር ይደገማል።

እንዲህ ያለው ብልሽት ብዙውን ጊዜ የማሽኑ አመል ተደርጎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የኮምፒውተር ክፍል በተወሰነ የቮልቴጅ፣ የሙቀትና የጊዜ ወሰን ውስጥ እንዲሠራ ሆኖ የተነደፈ ስለሆነ፣ አዲስ ሳለ ከወሰኑ ጠርዝ ብዙ ርቆ ይሠራል፤ የጧት ቅዝቃዜም ሆነ የመብራት መዋዠቅ አያናውጠውም። ሲያረጅ ግን ወደ ወሰኑ ጠርዝ እየተጠጋ ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ የደረሰ ክፍል ደግሞ ሁኔታው ሲመቸው ይሠራል፣ ትንሽ ሲከፋበት ያቆማል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚነሳ ኮምፒውተር ሲያጋጥም አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ሳይሆን፣ በሚነሳበትና በማይነሳበት ጊዜ መካከል ምን እንደተለወጠ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘነጋ ነው ደህና ክፍሎች የሚጣሉት፣ የዓመታት ሰነዶች የሚደመሰሱትና ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ተደርድረው ከሚገኙት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጧት፣ ሁለት ሰዓት ላይ መዝጊያው ሲከፈት የሚታየው ነገር ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ጸሐፊዋ ማታ ለጥንቃቄ የነቀለችውን ማከፋፈያ ትሰካና፣ በተለምዶ «ሲፒዩ» እየተባለ የሚጠራውን የኮምፒውተር ሳጥን ማብሪያ ትጫናለች። ፋኑ ይዞራል፣ የፊት መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭና ታጠፋውና እንደገና ትሞክራለች፤ በዚህኛው ሙከራ ፋኑ ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ደንበኛ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ማጥፋትና ማብራቱ እየተደጋገመ ከቆየ በኋላ ሳጥኑ አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማል፣ የአምራቹ አርማ ይወጣል፣ ዊንዶውስም ይከፈታል። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ እስከ ማታ ድረስ አንዳች እንከን ሳያሳይ ይውላል። ጸሐፊዋም ከዚህ ተነስታ አንድ ዘዴ ታበጃለች፤ ኮምፒውተሩን ጨርሶ አታጠፋውም። እንደበራ ያድራል፣ መብራት የጠፋበት ሌሊት ግን ጧት ያው ትግል ከመጀመሪያው ይጀመራል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ምርመራውን ግማሽ መንገድ የሚያስኬዱ ፍንጮች አሉ። ማሽኑ የሚያስቸግረው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፤ ከኤሌክትሪክ ፈጽሞ ተነቅሎ ማደሩም አብሮ ይታያል፤ በሙከራ ብዛት ትንሽ ከሞቀ በኋላ ይነሳል፤ አንዴ ከተነሳም አይወድቅም። እነዚህን አንድ ላይ ያነበበ ጠጋኝ ሳጥኑን ሳይከፍት ጥርጣሬውን ከሃርድ ዲስክና ከዊንዶውስ አንስቶ ወደ ኃይል አቅርቦቱ ያዞራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማብሪያው ከተጫነበት ቅጽበት ጀምሮ በሳጥኑ ውስጥ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ከግድግዳው እስካልተነቀለ ድረስ ጠፍቶም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያርፍም። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የብረት ሳጥን፣ በሐምራዊው ሽቦ በኩል የተጠባባቂ 5 ቮልት ዘወትር ይልካል። ይህ አሠራር ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው የአሠራር ደረጃ የተደነገገ ነው። ማብሪያው ሲጫን በማዘርቦርዱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ በሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ ላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ እግሮች ለቅጽበት ይገናኛሉ፤ ማዘርቦርዱም በዚያ በተጠባባቂ ኃይል ነቅቶ አረንጓዴውን ሽቦ ወደ ዜሮ ቮልት በማውረድ ፓወር ሰፕላዩን ያዘዋል። ፓወር ሰፕላዩ ዋና ዋናዎቹን ቮልቴጆች ያስነሳና፣ ሁሉም በወሰናቸው ውስጥ መርጋታቸውን ሲያረጋግጥ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ቆይቶ በግራጫው ሽቦ «ኃይሉ ደህና ነው» የሚል ምልክት ይልካል። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን የሚያከናውነው ዋናው ቺፕ፣ ሥራ እንዲጀምር የሚፈቀድለት ይህ ምልክት ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው።

ከዚያም ፕሮሰሰሩ የመጀመሪያ ትእዛዙን በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ የማይጠፋ ማኅደር ውስጥ ከተቀመጠው ባዮስ ከተባለው መነሻ ፕሮግራም ይወስዳል፤ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ዩኢኤፍአይ የሚባለው ይህንኑ ቦታ ይዟል። ባዮሱ ራምን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ እያለ ብቻ መረጃ የሚይዝበትን ጊዜያዊ ማኅደር፣ ፈትሾ ያዘጋጃል፤ ስክሪኑን ያበራል፤ በመጨረሻም ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ስርዓተ ክወና ፈልጎ ሥራውን ያስረክበዋል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይከተላል፤ የአምራቹ አርማ ከመታየቱ በፊት የቆመ ኮምፒውተር ዊንዶውስን ገና አልነካውም። እንዲህም ሆኖ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል በብዙ ቦታ በመጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ የሚቀር ማሽን ፎርማት ቢደረግ ሰነዶቹ ይጠፋሉ እንጂ ብልሽቱ ካለበት አይነቃነቅም፤ ፎርማት የተደረገው ደግሞ ማሽኑ በአጋጣሚ በተነሳበት ሰዓት ስለሚሆን፣ ተሳክቷል የሚል የተሳሳተ እምነት ለጥቂት ሰዓታት ያሳድራል።

በዚህ ምክንያት የምርመራው የመጀመሪያ ተግባር መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። ማሽኑ በተነሳበት ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ሰነዶቹ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው፤ የሚቀጥለው መነሳት መቼ እንደሚሆን ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልምና። ቀጥሎ አንዲት ወረቀት ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣ እያንዳንዱ ሙከራ ይመዘገብባት፤ ሰዓቱ፣ ማሽኑ ስንት ሰዓት ጠፍቶ እንደቆየ፣ የፊት መብራቱ መብራቱና ፋኑ መዞሩ፣ ድምፅ መሰማቱ፣ ስክሪኑ እስከ የትኛው ደረጃ እንደደረሰ፣ የክፍሉ አምፖል በዚያ ሰዓት ደብዝዞ እንደሆነ። የጥቂት ቀናት መዝገብ ለጠጋኙ ከማንኛውም መለኪያ የበለጠ ይነግረዋል። ብልሽቱ ከቅዝቃዜ፣ ከእርጥበት፣ ከመብራት መውረድ ወይም ጠፍቶ ከመቆየት ጋር እየተያያዘ ከሆነ በወረቀቱ ላይ ራሱ ይወጣል።

ማሽኑ የሚቆምበት ደረጃም ጥርጣሬውን ያጠባል። ማብሪያው ሲጫን አንዳች ምልክት ካልታየ የሚጠረጠሩት ሶኬቱ፣ ገመዱ፣ የተጠባባቂው 5 ቮልት፣ ወይም ማብሪያዋ ራሷ ናቸው፤ የማብሪያዋን ጉዳይ ለመለየት ገመዷን ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ሁለቱን እግሮች በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት ማገናኘት ይበቃል፣ ይህም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ አደጋ የለውም። አርማው ታይቶ የሚነሳበት ዲስክ አለመገኘቱን የሚገልጽ መልእክት ከመጣ ነገሩ ወደ ሃርድ ዲስኩ፣ ወደ ዳታ ኬብሉ ወይም ወደ ባዮሱ ቅንብር ያመራል። ዊንዶውስ ጀምሮ በመካከሉ ከቆመ ደግሞ ከዲስክ፣ ከራምና ከስርዓተ ክወናው ይፈለጋል። ከሁሉ የሚከብደውና የሚበዛው ግን ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀርበት ሁኔታ ነው፤ ምክንያቱም የኃይል አቅርቦት ድካም፣ የራም ግንኙነት መላላትና የማዘርቦርድ ስንጥቅ ሁሉም በዚሁ አንድ ገጽታ ይመጣሉ።

ኃይሉን በሚመለከት በእርጅና ቀድሞ የሚሸነፈው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ትንሽ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ሲሆን በውስጡ ሁለት የተጠቀለሉ የአሉሚኒየም ቅጠሎችና በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት በተባለ ፈሳሽ የራሰ ወረቀት ይገኛሉ፤ ተግባሩም የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ አጠራቅሞ በመልቀቅ የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ማርጋት ነው። ፈሳሹ በዓመታት ውስጥ በላስቲክ ክዳኑ በኩል እየተነነ ይሄዳል። ፈሳሹ ሲቀንስ የማጠራቀም አቅሙ ይወርዳል፣ ውስጣዊ ተቃውሞው ማለትም ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው እንቢታ ይጨምራል፤ ይህ ተቃውሞ ደግሞ በቅዝቃዜ ይብሳል፣ በሙቀት ይቀንሳል። የጽሕፈት ቤቷ ኮምፒውተር ጧት እንቢ ብሎ ከሙከራዎች በኋላ የሚነሳበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚወርድ ያረጀው ካፓሲተር ጧት ቮልቴጁን ማርጋት ያቅተዋል፤ «ኃይሉ ደህና ነው» የሚለው ምልክት አይመጣም፣ ወይም መጥቶ ፕሮሰሰሩ ሲጀምር ቮልቴጁ ይንገዳገድና ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ግን ካፓሲተሩን በጥቂቱ ያሞቀዋል፤ በመጨረሻም ወደ ወሰኑ ውስጥ ይመለስና ማሽኑ ይነሳል፣ ከተነሳም በኋላ በራሱ ሙቀት እየታገዘ ይውላል።

የካፓሲተር ዕድሜ በግምት ሊሰላ የሚችል ነው። ብዙዎቹ በጎናቸው ላይ 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሲሆን፣ አምራቾቻቸው በዚያ ሙቀት ለምሳሌ 2,000 ሰዓት እንደሚያገለግሉ ይገልጻሉ፤ በሙያው የታወቀው ደንብ ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። በ65 ዲግሪ የሚሠራ እንዲህ ያለ ካፓሲተር 32,000 ሰዓት ያህል ይኖራል፤ ይህም ያለማቋረጥ ቢሠራ ከሦስት ዓመት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ደግሞ ወደ አሥራ አንድ ዓመት የሚጠጋ ነው። በአቧራ የታፈነ ፋን የውስጡን ሙቀት ወደ 85 ዲግሪ ቢያደርሰው ግን ዕድሜው ወደ 8,000 ሰዓት ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ስለሆነ፣ አቧራን በየጊዜው ማራገፍ በዚህ ከተማ ከውበት ጉዳይ ያለፈ ፋይዳ አለው። የተጠባባቂውን 5 ቮልት የሚያመነጨው ክፍል ደግሞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን እስካልተነቀለ ድረስ ሌት ተቀን ስለሚሠራ፣ በብዙ ፓወር ሰፕላዮች ከሌሎቹ ቀድሞ የሚደክመው የእርሱ ካፓሲተር ነው።

የዚህ ትንሽ ክፍል ድካም በአንድ ወቅት ዓለም አቀፍ ችግር ሆኖ ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ በነበሩት ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ጉድለት ያለባቸው ካፓሲተሮች በብዙ አምራቾች ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ገብተው፣ ዓመታት ሊቆዩ ይገባቸው የነበሩ ማሽኖች ያለ ጊዜያቸው መነሳት እንዲያቅታቸው አድርገዋል። ዴል ኩባንያ ኦፕቲፕሌክስ በሚል ስም ለቢሮዎችና ለትምህርት ቤቶች ይሸጣቸው ከነበሩት መካከል ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 የተባሉት በዚሁ ችግር ይታወሳሉ፤ በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር የወጡ ሰነዶች እንዳመለከቱት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2003 እስከ ጁላይ 2005 ድረስ ኩባንያው ለዚህ ብልሽት የተጋለጡ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን አሰራጭቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2005ም ለጥገናና ለቅያሪ 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዝግቧል። ከዚያ ወዲህ የተሻሉ ማዘርቦርዶች በፈሳሽ ፋንታ ጠጣር ፖሊመር ያለባቸውን ካፓሲተሮች ይጠቀማሉ፤ ፓወር ሰፕላዮች ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከፈሳሹ ዓይነት አልተላቀቁም።

ጠጋኙ የሳጥኑን የጎን ክዳን ከፍቶ በባትሪ መብራት የፕሮሰሰሩን ዙሪያ ሲመለከት የሚፈልገው እንግዲህ እነዚህን ቆርቆሮዎች ነው። በእያንዳንዳቸው አናት ላይ እንደ መስቀል የተቀረጸ መስመር አለ፤ በውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ቆርቆሮውን ሳያፈነዳ በዚያ በኩል እንዲወጣ ታስቦ የተቀረጸ ነው። ደህናው ካፓሲተር አናቱ ጣት ሲያልፍበት ጠፍጣፋ ነው፤ የደከመው በመስመሮቹ ላይ ያብጣል፣ ከባሰበት ይሰነጠቅና የደረቀ ቡና የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ያወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ከላይ ሳያብጥ የታችኛው ላስቲኩ ተገፍቶ ስለሚወጣ ወደ ጎን ያዘነብላል። ያም ሆኖ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ሁሉ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው፤ ፈሳሹ በዝግታ የደረቀበት ካፓሲተር ከውጭ አንዳች አያሳይም፣ ውስጣዊ ተቃውሞን በሚለካ መሣሪያ ካልሆነ በቀር አይለይም።

ተራው መልቲሜትር፣ በሠራተኞች ዘንድ ቴስተር የሚባለው፣ በዚህ ጉዳይ ከፊል እውነት ብቻ ይናገራል። ሐምራዊው ሽቦ ላይ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት፣ ቢጫው ላይ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማሳየቱ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም፤ መሣሪያው የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በሰከንድ ውስጥ የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ ይሰውረዋል፣ ልኬቱም የተወሰደው ፓወር ሰፕላዩ ጭነት ሳይኖርበት ከሆነ ጭራሽ ያሳስታል። መንቀጥቀጡን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ በየጥገና ቤቱ ስለማይገኝ፣ በተግባር የሚሻለው መንገድ ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገጥሞ ሌሊቱን አሳድሮ ጧት መሞከር ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን መክፈት ግን ሙያው ለሌለው ሰው ፈጽሞ አይገባም፤ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ በውስጡ ባለው ትልቅ ካፓሲተር ላይ ወደ 310 ቮልት ስለሚጠራቀም፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ሰውን ሊገድል የሚችል ኃይል ይዞ ይቆያል። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚላኩ የቆዩ ማሽኖችን በተመለከተም ከኋላ ያለችው ትንሽ ቀይ መምረጫ 115 ላይ እንዳለች ወደ 220 ቮልት መሰካት ፓወር ሰፕላዩን ወዲያውኑ እንደሚያቃጥለው ማስታወስ ይገባል።

የግድግዳው ኤሌክትሪክ ራሱም ተጠርጣሪ ነው። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ለ220 ቮልት አገሮች ሲሠሩ ከ180 ቮልት ገደማ ጀምሮ እንዲያገለግሉ ይታሰባል፤ ሁሉም ሰው ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት መስመሩ ወደዚያ ጠርዝ ሲወርድ ደህናው ማሽን ችሎ ያልፋል፣ የደከመው ይቀራል። ብልሽቱ ከጧት ይልቅ ማታ ማታ የሚታይ ከሆነ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ሶኬቱ ይለካ፤ ደህና ስታብላይዘር ያለበት ሌላ ቤት ወስዶ መሞከርም ብዙ ድካም ያስቀራል።

ራምን በተመለከተ በየጥገና ቤቱ የታወቀው መድኃኒት ላጲስ ነው። የራም ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በስስ ወርቅ በተለበጡ ጥርሶች ሲሆን፣ በአቧራ፣ በክረምት እርጥበትና በማሽኑ መሞቅና መቀዝቀዝ ግንኙነቱ ይላላል፤ ሰሌዳውን አውጥቶ ጥርሶቹን በላጲስ አሽቶ መመለስ ብዙ ጊዜ ማሽኑን ያስነሳል። ላጲስ ግን ስሱን ወርቅ ይፍቃል፣ ፍርፋሪውም መክተቻው ውስጥ ከገባ አዲስ ችግር ይሆናል፤ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካው የማይበጣጠስ ጨርቅ ይሻላል። ከዚህ የሚብሰው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ራሙ ሲወጣና ሲገባ ሳጥኑ ይንቀሳቀሳል፣ ኬብሎች ይነካካሉ፣ ማዘርቦርዱ በትንሹ ይታጠፋል፣ ክፍሉም በሥራው መካከል ይሞቃል፤ ማሽኑ ሲነሳ ምስጋናው ሁሉ ለላጲሱ ይሰጣል። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ማሽኑ የተነሳለት ጠጋኝ ምን እንዳስነሳው አያውቅም፣ ስለዚህ ሲመለስበትም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ትክክለኛው አካሄድ አንድ ራም ብቻ በአንድ መክተቻ ትቶ መሞከር፣ ቀጥሎ መክተቻውን፣ ከዚያ ሰሌዳውን መለወጥ ነው፤ ማሽኑ በሚነሳበት ጊዜ ደግሞ ሜምቴስት86ፕላስ የተባለውን ነፃ የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይጠቅማል።

በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ያላት 3 ቮልት ባትሪም ችላ ልትባል አይገባም። ኮምፒውተሩ ተሰክቶ ሲያድር ሰዓቱንና የባዮሱን ቅንብር የሚይዘው የተጠባባቂው ኃይል ስለሆነ ባትሪዋ ታርፋለች፤ ማከፋፈያው በየማታው በሚነቀልበት ቤት ግን ሌሊቱን ሁሉ ሸክሙ የእርሷ ስለሆነ ከተለመደው ጊዜ ቀድማ ታልቃለች። ባለቀች ጊዜ የማሽኑ ቀን ዓመታትን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ቅንብርም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስና ስርዓተ ክወናው «ጠፋ» ሊባል ይችላል። ማታ መንቀሉ ከመብረቅና ከመብራት መዋዠቅ ስለሚከላከል ልማዱ መልካም ነው፤ ባትሪዋን አስቀድሞ መለወጥ ብቻ ይጠይቃል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መልስ ካልሰጠ ማሽኑን ወደ ጥቂት አካላት መቀነስ ይቀራል። ፕሪንተሩ፣ ፍላሹ፣ ሃርድ ዲስኩና ለብቻው የተገጠመ የስክሪን ካርድ ካለ እርሱም ይነቀላሉ፤ ማዘርቦርዱ ከሳጥኑ ወጥቶ በደረቅ ካርቶን ላይ ይቀመጥና ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ቀርተውት ይሞከራል። በዚህ ሁኔታ ዘወትር የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ ከተነቀሉት በአንዱ ወይም ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ ብረት ጋር በሚያነካካ የተሳሳተ ብሎን ላይ ነው፤ ክፍሎቹ በየቀኑ አንድ አንድ እየተመለሱ ይለያል። በካርቶን ላይም እንደዚያው አንዳንዴ የሚነሳ ከሆነ ጥርጣሬው በማዘርቦርዱ ላይ ይጸናል። በብየዳ ነጥቦች ላይ የሚገኝ ከዓይን የተሰወረ ስንጥቅ ሲሞቅ ይገጥማል ሲቀዘቅዝ ይከፈታል፣ አንዳንዱም በተቃራኒው ነው፤ ጠጋኞች በፀጉር ማድረቂያ የሰሌዳውን አንድ አካባቢ በለስላሳው እያሞቁ መነሳቱን የሚሞክሩት ይህን ለማግኘት ነው።

ከዚያ በኋላ ውሳኔው የኢኮኖሚ ይሆናል። ጥቂት ካፓሲተሮችን በዓይነታቸው፣ ማለትም በማይክሮፋራድ የሚለካ አቅማቸው እኩል፣ ቮልቴጃቸው እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ውስጣዊ ተቃውሟቸው ዝቅተኛ በሆኑ መተካት ብየዳ ለሚችል ጠጋኝ የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። ከትልቅ ቺፕ ሥር ያለ ስንጥቅ ግን ልዩ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለአሮጌ የቢሮ ማሽን እምብዛም አያዋጣም፤ ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙንና ደህናውን ፓወር ሰፕላይ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ሳጥን ማዛወር ይሻላል።

ጥገናው መሳካቱ የሚረጋገጠውም ብልሽቱ ይታይበት በነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። ሞቅ ያለ ማሽን አጥፍቶ ወዲያው ማስነሳት ስለ ቀዝቃዛ መነሳት ምንም አይናገርም፤ በዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ደግሞ ፈጣን መነሻ የተባለው ቅንብር ማሽኑ በሚጠፋበት ጊዜ የስርዓቱን ሁኔታ በዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ ማጥፋቱ ራሱ ሙሉ አይደለም፣ ስለዚህ ለፈተናው ጊዜ ቢዘጋ ይመረጣል። የጧት ብልሽት የነበረበት ማሽን ሌሊቱን ተነቅሎ አድሮ ጧት በመጀመሪያው ሙከራ መነሳት አለበት፣ ይህም ለተከታታይ ጧቶች መደገም አለበት፤ ማታ በመብራት መውረድ ይወድቅ የነበረው በዚያው ሰዓትና በዚያው ሶኬት መፈተን አለበት። ጠጋኙ ባለንብረቱን ለእነዚህ ቀናት ማሽኑን እንዲተውለት ማግባባት ይከብደዋል፣ ደንበኛም በዕለቱ ይዞ መሄድን ይሻል፤ ቢሆንም ሙከራውን ባለንብረቱ ራሱ ቤቱ እንዲያደርገው መዝገቡን የያዘችውን ወረቀት መልሶ መስጠት ይቻላል። የተለወጠው ክፍል ዓይነትና ቀን በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በሳጥኑ የጎን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢለጠፍ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ክዳን የሚከፍተው ሌላ ጠጋኝ ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራል።